ቃጭል፣ መሐረብና የማንነት ክርክር፦ ስለ እንግሊዝ ባህላዊ ጭፈራ ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ሜይ 1 ቀን በኦክስፎርድ፣ በየመንደሩ አደባባይና በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ስለሚታየው፣ ቃጭልና መሐረብ ስለማይለየው የሞሪስ ጭፈራ የሚጠይቁ ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስቀድም። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ በአማርኛ «እንግሊዝ» ስንል መላዋን ብሪታንያ ማለታችን የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን ሳንጨምር እንግሊዝን ብቻ ማለታችን ነው። የክርክሩ ግማሽ የሚነሳው ከዚሁ ልዩነት ነው። ስኮትላንዶች ኪልታቸውን፣ ዌልሶች ቋንቋቸውን ይዘው ሲቆሙ «የእንግሊዞቹስ የታለ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያኔ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቃጭሉና ወደ መሐረቡ ነው።

ጥያቄ፦ ሜይ 1 ማለዳ ኦክስፎርድ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቅልጥማቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ መሐረብ እያወዛወዙ ሲጨፍሩ አየሁ። አስጎብኚያችን «ከክርስትና በፊት የነበረ የአምልኮ ጭፈራ ነው» አለን። እውነት ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ያዩት ሞሪስ ይባላል። በዚያ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሞድሊን ኮሌጅ ዘማሪዎች ከማማው ላይ ይዘምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨፋሪዎቹ መንገዱን ይይዙታል።

የአስጎብኚው አባባል በሰው አፍ ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። ስለ ሞሪስ የተገኘው የመጀመሪያው ጽሑፍ የጸሎት ወይም የመሥዋዕት ወግ ሳይሆን የክፍያ መዝገብ ነው፦ በ1448 የለንደን የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር ለሞሪስ ጨፋሪዎች 7 ሽልንግ ከፈለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ ሞሪስ የቤተ መንግሥትና የሀብታም ማኅበራት ድግስ ማድመቂያ ነበር፤ ሐር ልብስና ብዙ ቃጭል የሚጠይቅ፣ ወጪ የሚበዛበት ነገር። ቀጥሎ አጥቢያዎች ያዙት። በዚያ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ቢራ ጠምቀው እየሸጡ ለጣሪያና ለደወል ጥገና ገንዘብ ይሰበስቡ ነበርና ሕዝብ የሚጠራው ጭፈራው ነበር። ለጨፋሪዎች ቃጭልና ልብስ መገዛቱ በአጥቢያ ሒሳብ መዝገቦች ሰፍሯል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታኖች የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ሲያሳድዱት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጣና የገጠር ሠራተኞች ሆነ። እንግዲህ ጉዞው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከጥንት ጫካ ወደ መንደር አይደለም።

«የአምልኮ ቅሪት ነው» የሚለው አስተሳሰብ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። የዘመኑ ምሁራን የገበሬ ልማድ ሁሉ የጠፋ ሃይማኖት ስባሪ ይመስላቸው ነበር። ጭፈራዎቹን በመሰብሰብ ስሙ የገነነው ሴሲል ሻርፕም ይህንኑ ያምን ነበር። መዝገቦቹ በደንብ የተመረመሩት ግን ከእሱ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን እርስዎም ሳይሰሙት አይቀሩም፤ በስታፎርድሺር የሚገኘው የአቦትስ ብሮምሊ የቀንድ ጭፈራ። በየሴፕቴምበሩ ስድስት ጨፋሪዎች በእንጨት ራስ ላይ የተተከሉ የሰሜን አጋዘን ቀንዶች ተሸክመው ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ፤ ከባዱ ከ11 ኪሎ ያላነሰ ነው። በ1976 አንዱ ቀንድ በካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወጣ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ይኸው፣ ጥንታዊ ነው!» ይላሉ። የተመረመረው ግን ቀንዱ እንጂ ጭፈራው አይደለም። ጭፈራውን በዝርዝር የሚገልጸው ጽሑፍ የ1686 ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ ምድር የሰሜን አጋዘን አልነበረም፤ ቀንዶቹ ከስካንዲኔቪያ ሳይመጡ አይቀሩም። የእንግሊዝ ነው ተብሎ ከሚታየው ሁሉ ጥንታዊው ዕቃ እንኳ የባሕር ማዶ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ሞሪስ» ማለት «ሙር» ማለት ነው ይባላል። ታዲያ ጭፈራው ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ነው? (ከሌስተር)

መልስ፦ ቃሉ አዎ፣ ሙር የሚባሉት የሰሜን አፍሪካና የስፔን ሙስሊሞች ነበሩ፤ ጭፈራው ግን በዚያ አይረጋገጥም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በፍላንደርስ ቤተ መንግሥቶች «ሞሬስካ» ወይም «ሞሪስክ» የሚባል ትርዒት ፋሽን ነበር። «የሙሮች» መባሉ እንግዳና ደማቅ መስሎ እንዲታይ ነው። እንግሊዝ ስሙን ከነፋሽኑ ከአውሮፓ ወሰደች። ስለዚህ «ንጹሕ የእንግሊዝ ደም ያለው ጭፈራ» የሚለውም «የአፍሪካ ጭፈራ ነው» የሚለውም ከመዝገቡ በላይ ይሄዳል። መዝገቡ የሚለው የተዋስነው ነው።

ጥያቄ፦ የሞሪስን ርምጃ ከቪዲዮ እያየሁ ለሦስት ሳምንት ተለማመድኩ። ባቴ ታመመ፣ ቃጭሉም ምት አልይዝ ብሎ ይንጫጫል። ምን እያጠፋሁ ነው? (ከሊድስ)

መልስ፦ ሁለቱም ሕመሞች ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለናል፦ ተረከዝዎ መሬት ይመታል።

ኮትስዎልድ በሚባለው የእንግሊዝ ኮረብታማ አካባቢ ሞሪስ ውስጥ መሠረቱ «ድርብ ርምጃ» ነው። አራት ምት አለው፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንጣጥ። አራተኛው ላይ በቀኝ እግር እንደቆሙ በዚያው እግር እንጣጥ ይላሉ፤ ግራው በዚህ ጊዜ ጉልበቱ ሳይታጠፍ በትንሹ ወደፊት ይወረወራል። ቀጣዩ በግራ ይጀምራል፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እንጣጥ። ክብደትዎ ሁልጊዜ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ተረከዝ ወደ መሬት ይጠጋል እንጂ አይደቃም። ተረከዝ ሲደቃ ሁለት ነገር ይሆናል። ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ቅልጥም ይወጣል፤ ሕመሙ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ቃጭሉ በአንድ ርምጃ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፣ አንዴ ጣት ሲያርፍ አንዴ ተረከዝ ሲደቃ፤ ጆሮ «ጭል፣ ጭል፣ ጭል፣ ጭል» መስማት ሲገባው ጫጫታ ይሰማል። ቃጭሉ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እግርዎ የት እንዳጠፋ የሚነግርዎ እሱ ነው።

መፍትሔው ይህ ነው። ቃጭሉን ያውልቁ። በእንጨት ወለል ላይ፣ በሲሚንቶ ላይ በፍጹም አይሁን፣ ለስላሳ ሶል ባለው ጫማ ባሉበት ቦታ ይርገጡ፤ ወደፊት አይሂዱ። ጀማሪ ሁሉ ርምጃውን ወደ ሩጫ ይቀይረዋል፤ ኃይሉ ግን ወደ ላይ ነው መሄድ ያለበት። ጉልበትዎ ልል ይሁን። አንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አይለማመዱ፤ ባት ሳይለምድ ሰዓት ሙሉ መዝለልም ያሳምማል። ርምጃው ድምፅ አልባ ሲሆን ቃጭሉን በአንድ እግር ብቻ ያስሩ፣ ያዳምጡ፤ ከዚያ በሁለቱም። ማሰሪያው ከጉልበት በታች፣ በወፍራም ካልሲ ላይ ይሁን፤ በባዶ እግር ላይ ከታሰረ በላብ ይንሸራተትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ አንድ ማሰሪያ ላይ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ትንንሽ ቃጭሎች በቆዳ ላይ ተሰፍተው ይገኛሉ።

እጅን በተመለከተ፣ እስክስታን የሚያውቅ ሰው ትከሻው ቶሎ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። እዚህ ትከሻ ጸጥ ይላል፤ ክንድ ከፊት ተነስቶ ወደ ግንባር ቁመት ይደርስና ይመለሳል፤ መሐረቡን የሚያስነሳው የእጅ አንጓ ነው። መሐረቡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከተንጠለጠለ ክንድዎ ሄዶ አንጓዎ አልሄደም ማለት ነው። 45 ሳንቲሜትር በ45 የሆነ የጥጥ መሐረብ ይበቃል፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ አየር አይዝም።

ወደ ቡድን ሲገቡ ስድስት ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ወደ ሙዚቀኛው ፊትዎን ሲያዞሩ 1፣ 3፣ 5 በግራ፤ 2፣ 4፣ 6 በቀኝ ናቸው። 1 እና 2 ራስጌ፣ 5 እና 6 ግርጌ። ሁሉንም የሚያስጨንቀው «ሄይ» የሚባለው ነው፤ በየረድፉ ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ እየተሹለከለኩ 8 ቁጥር ይሠራሉ። የሚበላሸው ሁልጊዜ በግርጌ ሰው ነው። ራስጌና መሃል ተላልፈው እስኪያልፉ ቦታው ላይ መርገጥ ሲገባው ቸኩሎ ይገባና ከመሃሉ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው ጥፋት ዙሩን ማስፋት ነው፤ የሰፋ ዙር ጊዜ ይበላል፣ ሙዚቃው ሲያልቅ ሰውየው ገና መንገድ ላይ ነው። 8ቱን በወለሉ ላይ በኖራ ስለው ያለ ሙዚቃ ይሂዱበት፤ ቀሪው ይከተላል። የአኮርዲዮን ተጫዋቹም እግር እግር ይይ፤ ሙዚቃው ሲፈጥን እንጣጡ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ሞሪስ የወንዶች ነው የሚሉኝ አሉ፤ «ባህሉ ነው» ይላሉ። ሴቶች ሲጨፍሩ ግን አይቻለሁ። (ከብሪስቶል)

መልስ፦ «ባህሉ ነው» የሚለውን መልስ በዓመት እንቁጠረው።

ዲሴምበር 26 ቀን 1899 ሴሲል ሻርፕ ከኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን የሚስቱ እናት ቤት ነበር። ያለ ወቅታቸው የወጡ የሰፈሩ ጨፋሪዎች በደጁ መጡ፤ ብዙዎቹ የግንባታ ሠራተኞች ነበሩና ክረምቱ ሥራ ስላስቆማቸው ጥቂት ሳንቲም ፍለጋ ነው የወጡት። ኮንሰርቲና የሚባለውን ትንሽ አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ ይጫወት የነበረው ዊልያም ኪምበር በማግስቱ ተመልሶ ዜማዎቹን አሰማው፣ ሻርፕም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከወረቀት አልዘለለም። ጭፈራውን ከወረቀት ወደ እግር ያመጣችው ሜሪ ኒል ናት፤ በለንደን ለልብስ ሰፊ ወጣት ሴቶች «ኤስፔራንስ» የሚባል ክበብ ትመራ ነበር። በ1905 ሻርፕን አማከረች፤ ኪምበርም ከዘመዱ ጋር መጥቶ ልጃገረዶቹን አስተማረ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ በሕዝብ ፊት ጨፈሩ፣ ከዚያም በየአውራጃው እየዞሩ ያስተምሩ ጀመር። ሞሪስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ሲነሳ መምህራኖቹ የሠራተኛ መደብ ሴቶች ነበሩ።

ሁለቱ ተጣሉ። ጠቡ ዛሬም አልበረደም፤ ስሙን ቀይሮ ነው ያለው። ሻርፕ ርምጃው በትክክል መጠበቅ አለበት፣ ብቁ መምህር ይፈተን ይላል። ኒል ደግሞ ሕያው ነገር ነው፣ ሰው በደስታ ይጨፍረው፣ ምንጩም የድሃ ሰው እግር እንጂ የምሁር ማስታወሻ አይደለም ትላለች። በ1911 ሻርፕ የእንግሊዝ ባህላዊ ጭፈራ ማኅበርን መሠረተ፤ እሱ አሸነፈ ሊባል ይችላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሻርፕ ባይጽፍ ብዙ መንደር ጭፈራው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር። ኒል ባትኖር ደግሞ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። ከሻርፕ የትርዒት ቡድን አራት ወንዶች፣ የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ በተርወርዝ አንዱ ነው፣ በ1916 በጦርነት ሞቱ፤ በጦርነቱ ዓመታት ጭፈራውን ያቆዩት በብዛት ሴቶች ናቸው።

«የወንዶች ብቻ» የሚለው ደንብ የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1934 «ሞሪስ ሪንግ» የሚባለው የቡድኖች ኅብረት ሲቋቋም ነው። ሴቶች በ1975 የራሳቸውን ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ እሱም ኋላ ለሁሉም ተከፈተ። ሪንግም በ2018 በሩን ለሴቶች ከፈተ። ዛሬም በምርጫቸው የወንድ ብቻ ወይም የሴት ብቻ የሆኑ ቡድኖች አሉ፤ ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፊታቸውን ጥቁር የቀቡ ጨፋሪዎች ፎቶ አየሁ፤ በጣም ደነገጥኩ። ሲከራከሩ «መደበቂያ ነው፣ ዘር አይደለም» ይላሉ። የቱ ነው ትክክል? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ መደንገጥዎ ትክክል ነው፤ መልሱም ግልጽ መሆን አለበት።

ልማዱ በብዛት የነበረው በዌልስ ድንበር ባሉ አውራጃዎች፣ በሽሮፕሺር፣ በሄሪፎርድሺርና በዉስተርሺር ነው። «መደበቂያ» የሚሉት ሥራ ያጡ ሠራተኞች በክረምት ሲለምኑ እንዳይታወቁ ጥቀርሻ ይቀቡ ነበር ነው። ይህ ከንቱ አይደለም፤ በእንግሊዝ ገጠር ፊትን በጥቀርሻ መሸፈን የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን ከ1830ዎቹና ከ1840ዎቹ ጀምሮ ጥቁር ሕዝብን እያላገጡ የሚጫወቱ የአሜሪካ «ሚንስትረል» ትርዒቶች እንግሊዝን አጥለቀለቁ። ከዚያ በኋላ በድንበር አውራጃዎች የተመዘገቡ ቡድኖች የሚንስትረል የሆኑትን አታሞና የአጥንት ማጨብጨቢያ ሲይዙ ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ስማቸው ራሱ የስድብ ቃል ነበር። ስለዚህ «ከዘር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» የሚለው አይቆምም። የመጀመሪያው ምክንያት ምንም ይሁን፣ የሚንስትረል ጥላ ወድቆበታል፤ መንገድ ላይ የሚያይ ጥቁር ሕፃን ደግሞ የታሪክ ማስታወሻ ተሰጥቶት አይደለም የሚያየው።

በ2016 የሽሩስበሪ ፎክ ፌስቲቫል ከአንድ የእኩልነት ቡድን ቅሬታ በኋላ ፊታቸውን ሙሉ ጥቁር የሚቀቡ ቡድኖችን ከእንግዲህ እንደማይጋብዝ አስታወቀ። በጁላይ 2020 ሦስቱን ትልልቅ የሞሪስ ድርጅቶች የሚያስተባብረው አካል፣ ሙሉ ጥቁር ቀለምም ሆነ የሌላ ሰው የቆዳ ቀለም የሚመስል ቅብ እንዲቆም ጠየቀ። አብዛኞቹ የድንበር ቡድኖች ወደ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ወይም ወደ ጭምብል ዞሩ። በላንካሺር የሚገኘው የቤከፕ «ብሪታኒያ» የኮኮናት ጨፋሪዎች ቡድን ግን አልተስማማም፤ ከድርጅቱ ወጣ። እነሱ ቀለሙን ከማዕድን ሥራ ጋር ያያይዙታል፤ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በእጃቸውና በጉልበታቸው ላይ የታሰሩ የእንጨት ክቦችን እያጋጩ ይጨፍራሉ። ያ የክብ ማጋጨት ዘዴ ድንቅ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል። ከቀለሙ ጋር ግን አብሮ አልተሰፋም።

ተግባራዊ ነገር ለሚፈልጉ ቡድኖች፦ ጭምብል ከመረጣችሁ የዓይኑን ቀዳዳ ወደ ታች ሰፋ አድርጉት። ጨፋሪ ከባልደረባው ጋር የሚያጋጨውን ዱላ የሚያየው ቀጥታ ሳይሆን በዓይኑ ግርጌ ነው፤ ያ ከተሸፈነ ጣት ይመታል። ቀለም ከሆነ በውኃ የሚለቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ በሜይ በዓል በምሰሶ ዙሪያ ሪባን ይዘው ሊጨፍሩ ነው። በልምምዱ ሪባኑ ይተበተባል፤ መምህሯ ወላጆች እንዲረዱ ጠየቀች። (ከሸፊልድ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ለመምህሯ አንድ ደስ የሚል ነገር ይንገሯት፤ ትምህርት ቤቶች የዚህ ነገር እንግዳ ሳይሆኑ አስፋፊዎች ናቸው። ምሰሶው ጥንት አለ፤ ፓርላማ በ1644 ከልክሎትም ነበር። ሪባን እየጎነጎኑ መጨፈር ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1881 ጸሐፊውና የሥነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪን በኋይትላንድስ የመምህራን ኮሌጅ የሜይ ንግሥት በዓል ጀመረ፤ ከእንዲህ ያለው ኮሌጅ የወጡ መምህርቶች ናቸው በየትምህርት ቤቱ የዘሩት።

አሁን ወደ መተብተቡ። የልጆቹ ቁጥር ተጋማሽ ይሁን፦ 8፣ 12 ወይም 16። 1፣ 2፣ 1፣ 2 ብላችሁ ቁጠሯቸው። «1» የተባሉት በሰዓት አቅጣጫ፣ «2» በተቃራኒው። «1» የተባሉት የመጀመሪያውን የሚመጣ ልጅ በውጭ ያልፋሉ፣ ቀጣዩን በውስጥ፣ ቀጣዩን በውጭ፤ «2» የተባሉት በተቃራኒው በውስጥ ይጀምራሉ። በውጭ የሚያልፈው ሪባኑን ከፍ አድርጎ በጓደኛው ራስ ላይ ያሳልፋል፤ በውስጥ የሚያልፈው ጎንበስ ይላል። ምሰሶው ላይ ጉንጉን የሚወጣው ከዚህ ብቻ ነው። የሚተበተበው አንድ ልጅ በተከታታይ ሁለት ጊዜ በውጭ ሲያልፍ ነው፤ «ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች» እያሉ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ሪባኑ ልል ከሆነ ደግሞ ጉንጉኑ ይንሸራተታል፤ እጅ በደረት ቁመት፣ ሪባን ወጠር።

ስህተት ሲፈጠር የሚሳሳተው ወላጅ ነው፤ አንዱን ልጅ ይዞ ይጎትታል። አይጎተትም። ሁሉም ባሉበት ይቁሙ፣ ፊታቸውን ያዙሩ፣ በመጡበት መንገድ ርምጃ በርምጃ ይመለሱ፣ ስህተቱ እስኪፈታ ድረስ። ጭፈራው ሲያልቅም የሚፈታው እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ መመለስን ከመጀመሪያው ቀን ያለማምዷቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሾቹ ሪባናቸውን ወጥረው ቆመው ሌሎቹ በመካከላቸው እየተሹለከለኩ የሚዞሩበት «የሸረሪት ድር» ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ በዮርክሻየር ሠርግ ተጠራሁ፤ ማታ «ኬይሊ» አለ ተባልኩ። የእንግሊዝ ነው ወይስ የስኮትላንድ? ሳልዋረድ እንዴት ልውጣው? (ከሃል)

መልስ፦ ኬይሊ የባህል ሙዚቃና የጋራ ጭፈራ ምሽት ነው። ቃሉ የስኮትላንድና የአየርላንድ ቋንቋ የሆነው ጌሊክ ነው፣ ጭፈራዎቹ ግን በዮርክሻየር ለዘመናት ተጨፍረዋል። እንግሊዞች የራሳቸውን ጭፈራ በጎረቤት ስም ይጠሩታል። እንዲህ ያሉ የጥንድ ጭፈራዎችን ጆን ፕሌይፈርድ በ1651 በመጽሐፍ አትሞ ነበር። አንድ ምሳሌ ስለ «ትክክለኛነት»፦ በዚያ መጽሐፍ «ሳይድ» የሚል ቃል አለ፣ ማብራሪያው ግን አጭር ነው። ሻርፕ ጥንዶቹ ተላልፈው ቦታ እንዲቀያየሩ አድርጎ ተረጎመው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ፓት ሾው ደግሞ ጎን ለጎን ተጠግተው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አደረገ። ዛሬ አንዱ አዳራሽ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይጨፍራል። «ጥንታዊ» የምንለው ብዙ ጊዜ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ግምት ነው።

ለሠርጉ አይጨነቁ፤ ርምጃውን ከመድረክ የሚነግር ሰው አለ። «ስትሪፕ ዘ ዊሎው» የሚባለው ጭፈራ ሲመጣ ግን ይህን ይያዙ፦ ለባልደረባዎ ቀኝ ክንድ፣ ለሌላው ሁሉ ግራ ክንድ። ሰው የሚጠፋው የተሳሳተ ክንድ ሲሰጥ ነው። ክርን በክርን ይያዙ፤ ጣት በጣት ከያዙ በሽክርክሩ ትጠማዘዛለች።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው። በሰፈሬ ያለ የሞሪስ ቡድን አዲስ ጨፋሪ እፈልጋለሁ ብሎ ለጠፈ። ጓደኛዬ «የባንዲራ ወገኖች ነገር ነው፣ አትሂድ» አለኝ። (ከኖቲንግሃም)

መልስ፦ ይሂዱ። የጓደኛዎ ሥጋት ግን ከምንም የተነሳ አይደለም፤ ታሪኩን ይወቁት። በ1924 «ትራቭሊንግ ሞሪስ» የሚባለውን ተጓዥ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሮልፍ ጋርዲነር ነው፤ ለጀርመን ቀኝ አክራሪዎች ቀረቤታ የነበረው ሰው። በዚያው ዘመን ደግሞ በኤሴክስ በታክስተድ ሞሪስን ያስተናገደው ቄስ ኮንራድ ኖኤል ሶሻሊስት ነበር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቀይ ባንዲራ የሰቀለ። ሜሪ ኒልም ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለች ናት። ጭፈራው ከግራም ከቀኝም ባለቤት ነኝ ባይ አጥቶ አያውቅም። በ2009 የቀኝ አክራሪው የብሪታንያ ብሔራዊ ፓርቲ የባህል ሙዚቃውን ለራሱ ሊያደርግ ሲሞክር ሙዚቀኞችና ጨፋሪዎች ራሳቸው «ፎክ አጌይንስት ፋሺዝም» ብለው ተነሱ። ባህልን ለዘረኛ የሚለቅለት ሜዳውን ትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ከስትራውድ የመጡት የሴቶች ቡድን «ቦስ ሞሪስ» በ2023 በብሪት የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ከአንድ የሮክ ባንድ ጋር ሲጨፍሩ ሚሊዮኖች አይተዋል።

ቡድኖች በብዛት ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል በሳምንት አንድ ማታ ይለማመዳሉ፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ወደ ውጭ ይወጣሉ። ኦክቶበር ላይ ይግቡ፣ ምክንያቱም ሁሉም ከመሠረቱ ይጀምራል፤ በሜይ ከሄዱ ማንም የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም። የትኛውን ዓይነት እንደሚጨፍሩ ይጠይቁ። ጉልበትዎ ደካማ ከሆነ ኮትስዎልድ ይጎዳዎታል፤ በእንጨት ሶል ጫማ ሰልፍ የሚጨፈረው የሰሜን ምዕራቡ ይሻላል። አምስት ሰዎች ተጣጣፊ ብረት ይዘው ሳይለያዩ የሚጨፍሩት የሰሜን ምሥራቅ ማዕድን ቆፋሪዎች «ራፐር» ደግሞ ጥሩ ትንፋሽ ይጠይቃል። ምሽቱ በመጠጥ ቤት ያልቃል፤ ለስላሳ ይዘው መቀመጥ ነውር የለውም። ቡድኑ የኢንሹራንስ ሽፋን እንዳለውም ይጠይቁ፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ለአባል ቡድኖቻቸው ያቀርባሉ። የ2003ቱ የፈቃድ ሕግ ሞሪስንና በማይክራፎን የማይታጀበውን ሙዚቃውን ከመዝናኛ ፈቃድ ነፃ አድርጎታል፤ መንገድ ለመዝጋት ግን ፈቃድ ያሻል።

ጥያቄ፦ ቡድናችን አዲስ ነው፤ ዱላ በየሳምንቱ ይሰበርብናል። (ከደርቢ)

መልስ፦ የደረቀ የሄዝል ወይም የአሽ ዛፍ እንጨት ይጠቀሙ፤ ርዝመቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ። በክረምት፣ እንጨቱ ፈሳሽ ሳይሞላ ይቆረጥ፤ በጥላ ቦታ ለወራት ቀስ ብሎ ይድረቅ። በምድጃ አጠገብ ያደረቁት ከውስጥ ይሰነጠቅና በሁለተኛው ምት ይበታተናል። ልጡን ላጡት፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ዱላ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ሲመታ ይደክማል፤ በየልምምዱ ጫፉን ገልብጡት። የሚመታው ከላይኛው ሲሶ ነው፤ ጫፍ ለጫፍ የሚማታ ቡድን ሲስት ጣት ይመታል። ጠንክሮ መምታት ድምፁን አያሰማምረውም፤ ሁለቱ ዱላዎች እኩል ሲገናኙ ነው «ቋ» የሚለው። ከጨፋሪ እስከ ተመልካች ቢያንስ ሁለት ሜትር ይኑር፤ ስንጥር ሩቅ ይበራል። ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ዱላ በመዳፋችሁ ዳብሱ፤ የተሰነጠቀውን ወደ ጎን አውጡ፤ ትርፍ አራት ዱላ ደግሞ ከሙዚቀኛው እግር ሥር አስቀምጡ።